ለቱና ትሮሊንግ የፕሮፔለርና የሞተር አመራረጥ፦ ባለ 3 ክንፍ ወይስ ባለ 4፣ አንድ ሞተር ወይስ ሁለት

በትሮሊንግ፣ ማለትም ማማለያን ከምትሄድ ጀልባ ኋላ በመጎተት፣ የሚያጠምድ የቱና አጥማጅ የማማለያ ቀለም ሲያማርጥ ያመሻል። ማማለያውን የሚጎትተውን ፕሮፔለር ግን ጀልባዋ ስትገዛ ተገጥሞባት የመጣውን ይዞ ዓመታት ይከርማል። ማማለያው የሚዋኝበትን ውሃ የሚያዘጋጀው ደግሞ ይኸው ፕሮፔለር ነው። ከጀልባዋ ኋላ ያለው አረፋ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ድምፁ ወጥ መሆኑን ወይም መቆራረጡን፣ ፍጥነቱ 6.5 ኖት (አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው) ላይ ቀጥ ብሎ መቆሙን ወይም መዋለሉን የሚወስነው እሱና የሞተሩ አያያዝ ናቸው።

ይህ ንጽጽር ከ24 እስከ 28 ጫማ ርዝመት ላላትና ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር (አውትቦርድ) ለምትጠቀም ጀልባ ነው። አብነት ያደረግነው የአሜሪካን ምሥራቅ ጠረፍ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ከምትርቀው ከሜሪላንዷ ኦሽን ሲቲ የሚነሳ ጀልባ ባልቲሞር ካንየን ወይም ዋሽንግተን ካንየን የሚባሉት የባሕር ውስጥ ሸለቆዎች ለመድረስ 60 ማይል ገደማ ይሮጣል። ከዚያ ለሰዓታት ከ5 እስከ 8 ኖት እየጎተተ ይውላል፤ ማታ ያንኑ 60 ማይል ይመለሳል። ስለዚህ አንድ ፕሮፔለር ሁለት የማይስማሙ ሥራዎች ይጠበቁበታል። አብዛኛው ሰው ለሩጫው ብቻ ይመርጣል። በእኛ እምነት መመረጥ ያለበት ለጉተታው ነው፤ ሩጫው የማይጣስ ወሰን ሆኖ ይቀመጥ።

መጀመሪያ ፍጥነቱ

ፕሮፔለር ከመምረጥዎ በፊት ምን እንደሚጎትቱ ይወስኑ። ባሊሁ የሚባለው የተፈጥሮ ዓሣ በመንጠቆ ላይ ተሰፍቶ ሲጎተት ከ5 እስከ 6.5 ኖት ይበቃዋል፤ ከዚያ ካለፈ ሥጋው ይበጣጠሳል። ብዙ የጎማ ስኩዊዶች የተንጠለጠሉበት ስፕሬደር ባር ከ4.5 እስከ 6 ኖት ላይ ያምርበታል። ከዝግባ እንጨት የሚሠራው ሲዳር ፕለግ ከ6 እስከ 7.5፣ ቀሚስ ያላቸው የፕላስቲክ ማማለያዎች ደግሞ ከ7 እስከ 8.5 ኖት ይፈልጋሉ።

እዚህ ላይ ትናንሽ ጀልባዎች የሚሸነፉበት ነገር አለ። ማንኛውም ጀልባ ውሃውን እየገፋ ሲሄድ ያለ ትግል የሚደርስበት ጣሪያ አለው፤ በኖት ሲሰላ ውሃ ላይ የሚያርፈው ርዝመት በጫማ ተወስዶ ስኩዌር ሩቱ በ1.34 ሲባዛ ነው። ባለ 26 ጫማዋ ጀልባ ውሃ ላይ የሚያርፈው 23 ጫማ ያህሉ ቢሆን ጣሪያዋ 6.4 ኖት ነው። ውሃ ላይ 41 ጫማ የሚያርፍባት ትልቅ የናፍጣ ጀልባ ግን እስከ 8.6 ኖት በእርጋታ ትሄዳለች። ለዚህ ነው ትልቋ ጀልባ በ8 ኖት ንጹሕ ውሃ ትታ ስታልፍ፣ ከጎኗ በዚያው ፍጥነት የምትጎትተው ትንሿ ጀልባ አፍንጫዋን ሰቅላ፣ ቂጧን ቀብራ፣ ከኋላዋ የወተት ባሕር የምታፈሰው። ፕሮፔለር ይህን ሕግ አይሽርም። የትንሽ ጀልባ ባለቤት ከ5.5 እስከ 6.8 ኖት ባለው ውስጥ የሚሠሩ ማማለያዎችን ቢመርጥ ከየትኛውም ፕሮፔለር የበለጠ ይጠቀማል።

ፍጥነት ሲቀየር ሞገዱም ቦታ ይቀይራል። ጀልባዋ ከኋላዋ የምትተዋቸው ሞገዶች በመካከላቸው ያለው ርቀት በ6 ኖት 6.1 ሜትር፣ በ7 ኖት 8.3 ሜትር፣ በ8 ኖት 10.9 ሜትር ያህል ነው። ማማለያዎን በ6 ኖት አራተኛው ሞገድ ግንባር ላይ፣ ማለትም 24 ሜትር ላይ አስቀምጠው ከነበረ፣ 7 ኖት ሲሞሉ ያ ሞገድ ወደ 33 ሜትር ሸሽቷል፤ ማማለያው አሁን ያለው ሦስተኛው ሞገድ አጠገብ፣ ምናልባትም አረፋው ውስጥ ነው። ፍጥነት የጨመረ ሰው ክሩንም ያስተካክል።

ባለ 3 ክንፍ ወይስ ባለ 4

ባለ 3 ክንፉ ቀላል ነው፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጥ ከባለ 4ቱ በሰዓት ከ1 እስከ 2 ማይል ይፈጥናል። ቀላል ጭነት ላላት ጀልባና ፍጥነት ለሚወድ ሰው ጥሩ ነው። በትሮሊንግ ፍጥነት ግን ድክመቱ ይታያል። በተመሳሳይ ዲያሜትር ውሃውን የሚጨብጠው የክንፍ ስፋት አነስተኛ ስለሆነ እያንዳንዱ ክንፍ የሚሸከመው ጫና ይበዛል። ጫና የበዛበት ክንፍ ይንሸራተታል፣ አረፋ ያበዛል፣ ንዝረቱም ይሰማል።

ባለ 4 ክንፉ ያንኑ 6.5 ኖት ባነሰ ዙር (ሞተሩ በደቂቃ በሚዞረው ብዛት) ይሰጣል፤ እንደ ጀልባዋ ሁኔታ ልዩነቱ ከ50 እስከ 100 ዙር ሊሆን ይችላል። የጀልባዋን ኋላ ከፍ አድርጎ ስለሚይዝ መቀበሩ ይቀንሳል። ማታ ሲመለሱ ባሕሩ ቢነሳና ፍጥነት መቀነስ ግድ ቢሆን በዝግታ እየሄደም ጀልባዋን ውሃ ላይ አንሳፎ ይይዛል፤ 60 ማይል በረባሽ ባሕር ለሚመለስ ሰው ይህ ብቻውን የፕሮፔለሩን ዋጋ ያወጣል። ወደ ኋላ ሲነዳም ጥሩ ይጨብጣል፤ ትልቅ ዓሣ ክር እየጎተተ ሲሸሽ ወደ እሱ ለማፈግፈግ ይጠቅማል።

ለዚህ መጠን ጀልባ ምርጫችን ያለ ማመንታት ባለ 4 ክንፍ ነው፤ ከባለ 3ቱ ሲቀይሩ ፒቹን (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር የሚጓዘውን ርቀት፤ ዝርዝሩ ከታች አለ) በ1 ኢንች መቀነስ አይርሱ። በዚያው ፒች ከተገጠመ ሞተሩ ከፍተኛ ዙሩን ሳይደርስ ይቀራል።

ሁለት ዓይነት ፕሮፔለሮችን ግን ያስተውሉ። አንደኛው ከክንፎቹ ሥር የጭስ ቀዳዳ ያለው ነው። ቀዳዳው ጀልባዋ ስትነሳ ጭስ ወደ ክንፉ ለቆ ዙሩ ቶሎ እንዲወጣ ይረዳል፤ በትሮሊንግ ጊዜ ግን ያው ጭስ ክንፉን አረፋ ያለብሰዋል። ቀዳዳው መድፈኛ ካለው ድፍኑን ይግጠሙበት። ሁለተኛው የሚዘፍን ፕሮፔለር ነው። በአንድ በተወሰነ ዙር ላይ፣ ለምሳሌ በ1450፣ ቀጭን የብረት ፉጨት ይሰማል፤ 50 ወይም 100 ዙር ሲጨምሩ ወይም ሲቀንሱ ድርግም ይላል። ምክንያቱ ከክንፉ የኋላ ጠርዝ የሚላቀቀው ውሃ ክንፉን እንደ ክራር ክር ማርገብገቡ ነው። ፕሮፔለር ጠጋኝ ዘንድ ተወስዶ የኋላ ጠርዙ በአንድ ወገን በቀጭኑ ቢሞረድ ይጠፋል።

ስለ ፉጨቱ ይህን ያህል የምንጨነቀው በምክንያት ነው። የሎውፊን (ባለ ቢጫ ክንፍ) ቱና ከ50 እስከ 1100 ኸርዝ ያለውን ድምፅ ይሰማል፤ ጆሮው ይበልጥ የሚነቃው ከ300 እስከ 500 ኸርዝ ባለው ላይ ነው። ባለ 3 ክንፍ ፕሮፔለር በደቂቃ 750 ጊዜ ሲዞር መሠረታዊ ድምፁ 37.5 ኸርዝ፣ ባለ 4ቱ ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። ሁለቱም ዓሣው ከሚሰማው ዝቅተኛ ድንበር አካባቢ ናቸው። ጆሮው ወደሚነቃበት ክልል የሚዘልቁት ፉጨት፣ የተጎረደ ክንፍ የሚያሰማው ክትክታና ክንፉ ላይ የሚፈነዱ አረፋዎች ናቸው። ስለዚህ የክንፍ ቁጥር ከመቀየርዎ በፊት ያለዎትን ክንፎች ጠርዝ በጣትዎ ይዳስሱ፤ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጉርድ እንኳ ትታረም።

ፒችና ዙር

ፒች ማለት ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ሳይንሸራተት ቢሄድ የሚጓዘው ርቀት ነው፤ በኢንች ይለካል። 14½ × 17 የሚል ጽሑፍ ካዩ ዲያሜትሩ 14½፣ ፒቹ 17 ነው። ፒች በ1 ኢንች ሲጨምር ከፍተኛው ዙር ከ150 እስከ 200 ይወርዳል፤ ሲቀንስ በዚያው ልክ ይወጣል።

የማይጣሰው ወሰን ይህ ነው፦ ጀልባዋ ነዳጅ ሞልታ፣ በረዶ ጭና፣ ሰው ሁሉ ተሳፍሮ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲሰጥ ዙሩ አምራቹ ከወሰነው ክልል የላይኛው ግማሽ ውስጥ መግባት አለበት። የያማሃ ኤፍ150 ክልል ከ5000 እስከ 6000፣ የሱዙኪ ዲኤፍ300ኤፒ ደግሞ ከ5700 እስከ 6300 ነው። ኤፍ150 ሞተርዎ ተጭኖ 5100 ላይ ከቆመ ፒቹ በዝቶበታል። እንዲህ ያለ ሞተር ዳገት ላይ በአራተኛ ማርሽ እንደሚያቃስት መኪና ነው፤ ይሞቃል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ዕድሜው ያጥራል። ቢያንስ 2 ኢንች ይቀንሱለት።

አነስ ያለ ፒች ለጉተታው የሚሰጠው ጥቅም ብዙ ጊዜ አይነሳም። ስሌቱ እንዲህ ነው፦ የሞተሩን ዙር ለካምቢዮው ሬሾ (ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ሞተሩ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ያካፍሉ፣ በፒቹ ያባዙ፣ ለ1215 ያካፍሉ፤ ሳይንሸራተት የሚሄድበትን ኖት ያገኛሉ። ሬሾው 2.00 በሆነው ኤፍ150 ላይ 17 ፒች ተገጥሞ በ1500 ዙር 10.5 ኖት ይወጣል። ጀልባዋ በእውነት የምትሄደው 7 ከሆነ ሲሶው በመንሸራተት ጠፍቷል፤ በዚህ ፍጥነት ይህ የተለመደ ስለሆነ አያስደንግጥዎት። አሁን 100 ዙር ብቻ ቢጨምሩ በ17 ፒች 0.70፣ በ21 ፒች ግን 0.86 ኖት በስሌት ይጨምራል። ፒቹ ባነሰ ቁጥር በእጅዎ ያለው ማንሻ ይለሰልሳል፤ 6.3 እና 6.6ን ለይቶ መያዝ ይቻላል።

የካምቢዮ ሬሾ ከሞተር ሞተር ስለሚለያይ የጎረቤትዎን ዙር አይቅዱ። በያው 17 ፒችና በያው 1500 ዙር ኤፍ150 በስሌት 10.5 ኖት ሲሰጥ፣ ሬሾው 1.75 የሆነው ያማሃ ኤፍ300 12.0፣ ሬሾው 2.08 የሆነው ዲኤፍ300ኤፒ 10.1 ይሰጣል። «እኔ በ1500 ነው የምጎትተው» የሚል ምክር የጀልባው፣ የሬሾውና የፒቹ ዝርዝር ከሌለው ለእርስዎ ምንም አይነግርዎትም።

አሉሚኒየም ወይስ አይዝጌ ብረት

አሉሚኒየም ርካሽ ነው፤ ግን ክንፉ ወፍራም ሆኖም በጫና ይተጣጠፋል፣ ጠርዙም ቶሎ ይጎረዳል። ለትሮሊንግ አይዝጌ ብረት ይሻላል፤ አሉሚኒየሙን ለመጠባበቂያ ከነዳዶው፣ ከነሮንዴላውና ከነኮፒሊያው ጀልባዋ ውስጥ ያኑሩት።

በአንድ ሞተር ወይስ በሁለት መጎተት

ሁለት ሞተር ያላት ጀልባ በአንዱ ብትጎትት ነዳጅ የሚቆጠብ ይመስላል። ከ4 ኖት በታች፣ ሕይወት ያለው ዓሣ ለሚጎትት ሰው፣ እውነት ነው። በ6.5 ኖት ግን ብቻውን የቀረው ሞተር ዙሩ በብዙ መቶ ይወጣል፣ ክንፎቹ ጫና ይበዛባቸዋል፣ አረፋው በአንድ ወገን ይቆለላል፣ መሪውም ጀልባዋ እንዳትጠመዝዝ ሁልጊዜ ተጣሞ መያዝ አለበት። የቆመው ሞተር ውሃ ውስጥ ከተተወ እንደ መልሕቅ ይጎትታል። ለቱና ሁለቱንም ያሠሩ። ሁለቱ ፕሮፔለሮች የየራሳቸውን የአረፋ መስመር ስለሚሠሩ በመካከላቸው ጠባብ ንጹሕ መንገድ ይከፈታል፤ አጭሩን ክር እዚያ ያስገቡት። አንድ ሞተር ብቻ ያላት ጀልባ ላይ ነጩ አረፋ መሃል ነው፤ ስለዚህ አጫጭሮቹን በጎንና በጎን ንጹሑ ውሃ ላይ፣ የመሃሉን ክር ደግሞ አረፋው ካለቀ በኋላ ከ80 እስከ 100 ሜትር ያርቁት።

ሁለቱ ሞተሮች ዙራቸው እኩል ካልሆነ ጀልባዋ «ውም… ውም… ውም…» ማለት ትጀምራለች። ሬሾው 2.00 በሆነ ሞተርና በባለ 3 ክንፍ ፕሮፔለር የ40 ዙር ልዩነት በየሰከንዱ አንድ ጊዜ የሚነሳና የሚወድቅ ድምፅ ይፈጥራል። ዳሽቦርዱ በ50 ወይም በ100 የሚያጠጋጋ ከሆነ ቁጥሩ እኩል እያሳየም ልዩነቱ ይኖራል፤ ስለዚህ ጆሮዎን ይመኑ። አንዱን ማንሻ ሳይነኩ ሌላውን በጥቂት በጥቂቱ ያንቀሳቅሱ፤ ውምታው እየዘገየ ሄዶ ሲጠፋ እኩል ሆነዋል። ራሱ የሚያስተካክል ሲስተም ካለዎት ያብሩት፤ በዚህ ዝቅተኛ ዙር መሥራቱን ግን አስቀድመው ይፈትሹ።

ባለ ሁለት ናፍጣ ሞተር ጀልባ ላለው ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ፦ አንዱ ሞተር ጠፍቶ ፕሮፔለሩ በውሃው ኃይል ሲዞር የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ በሞተሩ የሚሠራ ከሆነ ካምቢዮው ያለ ዘይት ይሽከረከራል። ኩሽኔታው የሚያልቀው እንዲህ ነው። መመሪያው ካልፈቀደ የፕሮፔለሩ ዘንግ ይታሰር፣ ወይም ሞተሩ በየተወሰነው ጊዜ ይነሳ።

የሞተሩ አያያዝ

ብዙ ዘመናዊ ሞተሮች ዙሩን በ50 ወይም በ10 እርምጃ የሚያወጣና የሚያወርድ የትሮል ቁልፍ አላቸው። ሥራው ግን ከሚኒሞ (ከሞተሩ ዝቅተኛ ዙር) ጀምሮ እስከ 1000 ወይም 1200 ዙር ባለው ውስጥ ስለሆነ ለዝግታ ጉተታ እንጂ ለ6.5 ኖት አይደርስም። ለቱና የሚጠቅመው ዙር ጠብቆ የሚይዘው ክሩዝ (ማንሻው ሳይነካ ሞተሩን የሚቆጣጠር ሲስተም) ነው። በጂፒኤስ ፍጥነት የሚመራው ክሩዝ ከሞገዱ ጋር ሲወርድ ነዳጅ ይቀንሳል፣ ሲወጣ ይጨምራል፤ ድምፁ ይለዋወጣል። ከዚህም በላይ ጂፒኤስ የሚያውቀው በመሬት ላይ ያለውን ፍጥነት ነው። 2 ኖት በሚፈስ ጅረት ላይ ጂፒኤሱ 6.5 እያለ ማማለያው እንደ አቅጣጫው በ4.5 ወይም በ8.5 እየሄደ ሊሆን ይችላል። ማማለያውን ይዩት፤ ከሞገዱ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ ፈጥኗል፣ ሰጥሞ ትንፋሽ የማይወስድ ከሆነ ዘግይቷል።

ትሪሙን (ሞተሩ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበትን) ሙሉ በሙሉ ወደ ውስጥ አስገብተው ይጀምሩ። ሞተሩ ወደ ውጭ በተገፋ ቁጥር የሚረጨው ውሃ ወደ ላይ ይወጣና አረፋውን ያስረዝማል። ጀልባዋ በ7 ኖት አፍንጫዋን ከሰቀለች የትሪም ታቦቹን (ከጀልባዋ ኋላ ግርጌ ያሉትን ተንቀሳቃሽ ሳህኖች) ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። ሲታጠፉ ሞተሩ በድንገት ከጮኸ ፕሮፔለሩ አየር እየሳበ ነው፤ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ሳህን ከጀልባዋ ወለል ጋር እኩል ወይም ቢበዛ 1 ኢንች ከፍ ብሎ መቀመጡን ያረጋግጡ።

ዓሣ ሲይዝ ነዳጁን በአንድ ጊዜ አይዝጉ። ሌሎቹ ክሮች ረግበው ሰጥመው ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማሉ፤ መንጋው ሲከተለው የነበረው ድምፅም ይቋረጣል። ከ10 እስከ 20 ሰከንድ በያዙት ፍጥነት ይቀጥሉ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውና ሦስተኛው የማጥመጃ ዘንግ የሚታጠፈው ያኔ ነው። ከዚያ በዝግታ ወደ 2 ወይም 3 ኖት ያውርዱ።

ረጅም ጉተታ የሚያበላሸው

ቤንዚን ሞተር በ1400 ዙር ስምንት ሰዓት ሲሠራ፣ በተለይ ውሃው ቀዝቃዛ ሲሆን፣ በሚገባ አይሞቅም። ያልተቃጠለ ቤንዚን በፒስተኑ ጎን ወርዶ ዘይቱ ውስጥ ይገባል። የዘይት መለኪያውን ሲያወጡ ዘይቱ ከነበረበት ከፍ ብሎ፣ ቀጥኖና ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተ ካገኙት ይህ ደርሷል፤ ዘይቱ መቀየር አለበት። መከላከያው በየሁለት ሰዓቱ ክሮቹን ሰብስቦ ለ5 ደቂቃ ከ3500 እስከ 4000 ዙር መሮጥ ነው። ቦታ መቀየር በፈለጉ ጊዜ ያድርጉት፣ ጊዜ አይባክንም።

ሁለተኛው ጠላት ክር ነው። ከፕሮፔለሩ ኋላ ዘንጉ ላይ የተጠመጠመ ናይለን ፓራሊዮውን (ዘይትና ውሃ እንዳይገናኙ የሚያግደውን ጎማ) ይቆርጣል፣ ውሃ ወደ ካምቢዮው ይገባል። ቁልፉን ያውጡ፣ የደኅንነት ገመዱን ይንቀሉ፣ በክንፉና በሳህኑ መካከል እንጨት ያስገቡ፣ ኮፒሊያውን አቅንተው ያውጡ፣ ዳዶውን ይፍቱ። ፕሮፔለሩን ስበው ካወጡ በኋላ ሮንዴላው ሥር የተጠቀለለውን ክር እየቆረጡ ያጽዱ። የዘንጉን ጥርሶች የባሕር ግራሶ ቀብተው በአዲስ ኮፒሊያ ይመልሱት። የካምቢዮው ዘይት እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ከወረደ ፓራሊዮው ሳይቀየር ወደ ካንየን አይውጡ።

ምርጫውን ውሃ ላይ መፈተን

ሁለት ፕሮፔለር ለማወዳደር ግማሽ ቀን ይበቃል፤ አንዳንድ የፕሮፔለር ሱቆችም ለሙከራ ያውሳሉ። ጭነቱ በሁለቱም ጊዜ አንድ ዓይነት ይሁን። መጀመሪያ ሙሉ ነዳጅ ሰጥተው ከፍተኛውን ዙር ይመዝግቡ፤ ከክልሉ ውጭ የሆነው ፕሮፔለር እዚያው ይወድቃል። ከዚያ ከ1200 እስከ 2000 በየ100 ዙሩ ይሂዱ፤ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ፊት፣ አንድ ጊዜ በመጡበት ተመልሰው ፍጥነቱን ያንብቡና አማካዩን ይውሰዱ፣ ጅረቱ ይጣፋል። በእያንዳንዱ ዙር በሰዓት የሚፈጀውን ነዳጅና የአረፋውን ርዝመት ይጻፉ። አረፋውን ለመለካት በየ5 ሜትሩ ቀለም የተቀባ ክር ላይ መንጠቆ የሌለው ማማለያ አስረው ይልቀቁ፤ ማማለያው ከነጩ ወጥቶ በሰማያዊው ውሃ ውስጥ በግልጽ የታየበት ቀለም ርዝመቱ ነው። በ6.5 ኖት አንዱ ፕሮፔለር አረፋውን 15 ሜትር ላይ ከጨረሰ፣ ሌላው 25 ሜትር ድረስ ከወሰደው፣ የመጀመሪያው በሰዓት 2 ማይል ቢዘገይም እሱን ይግጠሙት፤ ሁለት ተጨማሪ ማማለያ ንጹሕ ውሃ ላይ የሚጎተትበት 10 ሜትር አግኝተዋል።